የሕዝብ ጠባይ በምን ይመዘናል?

«እንግሊዝ ቁጥብ ነው፤ ጣሊያን ጨዋታ ይወዳል፤ ጃፓን ሥራ አይጠግብም» ሲባል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ነገር በምን እንደሚመዝኑት ጥቂት አንብቤአለሁና፣ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ባጭሩ ልገልጽ እወዳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቹ ሊቃውንት የሰውን ጠባይ በአምስት ይከፍሉታል። እኔ የምናገረው ስለ አንዱ፣ ይኸውም ስለ ትጋት ብቻ ነው። መመዘኛው መጠይቅ ሲሆን፣ ተጠያቂው ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ራሱ በቁጥር ይመልሳል።

በ2007 ዴቪድ ሽሚትና ባልደረቦቹ የ56 አገሮችን መልስ አሳተሙ፤ አገራችንም ከተጠየቁት አንዷ ነበረች። የሚያስገርመው፣ ጃፓኖች በትጋት ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ከሁሉ ያነሰ ሲሆን፣ አፍሪካውያን ግን ለራሳቸው ከፍተኛውን ነጥብ መስጠታቸው ነው።

ታዲያ ጃፓን ሰነፍ ነው እንበልን? ሰው «ትጉህ ነኝ ወይ?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ የሚወዳደረው በሩቅ አገር ካለው ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ነው። ባቡር በደቂቃ በሚጠበቅበት አገር አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ራሱን ቸልተኛ ይለዋል፤ በሌላው አገር ግማሽ ሰዓት የዘገየው «በጊዜ ደረስሁ» ይላል። በክፍላችንም ከጎበዞች መካከል ተቀምጦ ሰማንያ ያገኘ ተማሪ ራሱን ደካማ ሲያደርግ እንሰማለን።

ስለዚህ ሌሎች አፍን ትተው ሥራን መለኩ። ሮበርት ሌቪንና አራ ኖረንዛያን በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በ31 አገሮች ታላላቅ ከተሞች የሰውን እርምጃ ፍጥነት፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ቴምብር ለመሸጥ የሚወስድበትን ጊዜና የባንክ ሰዓቶችን ትክክለኛነት አነጻጸሩ። ስዊዘርላንድ አንደኛ፣ ሜክሲኮ የመጨረሻ ሆነች። በ2008 ስቲቨን ሃይንና ጓደኞቹ ይህንን ከመጠይቆቹ ጋር ቢያስተያዩት፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሰጡት ነጥብ ከሥራው ጋር ሳይገጥም ቀረ፤ ስለ አገራቸው ሰው ባጠቃላይ የሰጡት ግምት ግን ገጠመ።

ነገር ግን እግርንም እንዲሁ ማመን አይገባም እላለሁ። በሞቃትና በድኻ አገሮች ኑሮው ዝግ እንደሚል ሌቪንና ኖረንዛያን ራሳቸው ጽፈዋል። በድሬዳዋ በቀትር ፀሐይ ቀስ ብሎ የሚራመደውን ሰው፣ በዚህ ሚዛን ሰነፍ የሚለው ማን ነው? እኔ በበኩሌ ከሦስቱ የፖስታ ቤቱን ልኬታ አስበልጣለሁ፤ ሠራተኛው ቢያንስ ጥላ ሥር ተቀምጧልና።