ከጥንቸል አርቢዎች የተረፈው የጎልፍ ሜዳ

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሴንት አንድሪውስ ከተማ የሚገኘው "ኦልድ ኮርስ" የጎልፍ ሜዳ ከታላላቅ ውድድሮች በስተቀር እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው። በዚህ ዕለት ነዋሪዎች ከነልጆቻቸውና ከነውሾቻቸው ይንሸራሸሩበታል። መሬቱ የከተማው ሕዝብ የጋራ ይዞታ ነውና።

"ሊንክስ" የሚባለው በባሕርና በእርሻ መካከል ያለ፣ ለማረሻ የማይመች አሸዋማ መሬት ነው። ውሃ ፈጥኖ ስለሚሰርግ ሣሩ አጭርና ጠንካራ ሲሆን፣ ኳሱ መሬት ከነካ በኋላ ረጅም ርቀት ይንከባለላል። ዛፍ ስለሌለ ነፋሱን የሚያግደው የለም። በጎች ከነፋስ ሲጠለሉ የቦረቦሯቸው ጎድጓዳ ሥፍራዎች ለዛሬዎቹ የአሸዋ ወጥመዶች መነሻ እንደሆኑ ይነገራል። የሜዳው ውበትም ከዚሁ፣ ማለትም የሰው እጅ ብዙም ካለመንካቱ የመነጨ ነው።

ሕዝቡ በሥፍራው የመጫወት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በሰጡት ሰነድ ተረጋግጦለታል። ይሁንና በ1797 በዕዳ የተዘፈቀው የከተማው ምክር ቤት መሬቱን አሳልፎ በመስጠቱ ሜዳው የጥንቸል ማርቢያ ሆነ። የጋራ መሬት ለዕዳ ማቃለያ ሲውል የሚከተለው ሙግት ቀላል አለመሆኑን የከተማው ሰዎች ያን ጊዜ ተረድተዋል፤ በአርቢዎቹና በተጫዋቾች መካከል የተነሣው ክርክር 20 ዓመታት ያህል ዘልቋል። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባሉ የጎልፍ ወዳጅ ባለርስት መሬቱን ገዝተው ጨዋታውን ታደጉ። በ1894 በፓርላማ ሕግ ወደ ከተማው ተመለሰ። የአካባቢ አስተዳደር እንደ አዲስ ሲዋቀርም በ1974 በወጣ ሌላ ሕግ የሜዳው አስተዳደር ለአንድ ባለአደራ ተቋም ተሰጥቷል።

ከባሕር የራቁት የለንደን ነዋሪዎች ተመሳሳይ አፈር ያገኙት በሰሬይ አካባቢ ነው። በዎኪንግ በ1893፣ በሰኒንግዴል ደግሞ በ1901 የተከፈቱት ሜዳዎች ያረፉት በአገራችን ደጋማ ተራሮች ከሚበቅለው አስታ ጋር የሚዛመድ ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በሸፈነው አሸዋማ ምድር ላይ ነው። የግጦሽ ከብት ከቀረና ችግኙ ካልተመነጠረ ሥፍራው ጫካ ይሆናል። እንግሊዝ ከ1800 ወዲህ የዚህን ምድር ከ80 በመቶ በላይ ያጣች ሲሆን፣ ከቀረው ከፊሉ የሚገኘው በጎልፍ ሜዳዎች ውስጥ ነው።

በጠረፍ ያሉትን ሜዳዎች ግን ሕግ ብቻውን አያድናቸውም። ከሴንት አንድሪውስ በስተሰሜን በሞንትሮዝ ባሕሩ እስከ 2018 በነበሩት 30 ዓመታት 70 ሜትር ያህል ወደ ሜዳው መጠጋቱ ተዘግቧል፤ ክለቡም የመምቻ ሥፍራዎችን ወደ መሀል አገር አቅጣጫ ለማዛወር ተገዷል።