የተሳሳተ ፍርድ፦ የሚታመነውና እውነታው

ወንጀሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ሲቀጣ፣ ወይም ጥፋቱ ቀላል ሆኖ ሳለ በከባዱ ሲፈረድበት ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ብዙ ሰው የስህተቱ ምንጭ ጉቦ ወይም የዳኛ ክፋት ብቻ ይመስለዋል። ጉቦ ፍርድን ማጣመሙ አይካድም፤ ነገር ግን ቅን ዳኛም ይሳሳታል። ከፊቱ የሚቀርበው መዝገብ ከወራት በፊት በፖሊስ ጣቢያ መጻፍ የጀመረ ነው፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚያ ነው።

በድሬዳዋ ይህ ጎልቶ የሚታየው በቋንቋ ነው። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይነገራሉ። ከዚህ የተነሣ «እዚህ አማርኛ የማይሰማ የለም፤ አስተርጓሚ ለምን ያስፈልጋል?» ይባላል። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ ከባድ የወንጀል ጉዳዮች የሚታዩት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው፤ የችሎቱም ቋንቋ አማርኛ ነው። ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ግን ለተከሳሽነት ቃል አይበቃም። «ገፋሁት»፣ «ጣልኩት» እና «መታሁት» በጨዋታ መካከል ቢለዋወጡ ጉዳት የላቸውም። መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ ግን ሰውየው ምን አስቦ እንደነበር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው የገደለ በአንቀጽ 543 መሠረት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል፤ ተራ የሰው ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንድ ግሥ በትርጉም ሲሳሳት ይህን ያህል ዕድሜ ሊወስድ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ለማይረዳ ሰው ብቃት ያለው አስተርጓሚ እንዲሰጠው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው እምነት «ንጹሕ ሰው ያልሠራውን አያምንም» የሚለው ነው። በቻይና ሁቤይ ክፍለ ሀገር የሚኖር ሼ ሺያንግሊን የተባለ ሰው በምርመራ ተሠቃይቶ ሚስቱን መግደሉን አመነ። በመጀመሪያ ሞት፣ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። «ሟች» የተባለችው ሚስት በ2005 እ.ኤ.አ. በእግሯ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰው የሚያምነው ሥቃይን ለማስቆም ብቻ አይደለም፤ ድካም፣ ፍርሃትና «እመንና ትወጣለህ» የሚል ተስፋም ያሳምነዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው፣ የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ክፍተቱ ያለው ጠበቃ የሚገኝበት ጊዜ ላይ ነው፤ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው ለተከሰሰ ሰው ነው። ቃል የሚሰጠው ደግሞ ከክስ በፊት ነው። ማሻሻያ ሊጀመር የሚገባው ከእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው።

«በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ» የሚል ምስክርም የማይናወጥ ይመስላል። በአሜሪካ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በዘረመል ምርመራ ነፃነታቸው ከተረጋገጠ 375 ፍርደኞች መካከል 69 በመቶ ያህሉ የተፈረደባቸው የዐይን ምስክር በስህተት ስለለያቸው ጭምር ነው። ከእነዚህ ምስክሮች ብዙዎቹ አልዋሹም፤ በጨለማና በድንጋጤ ያዩትን መልክ በኋላ ከታያቸው ሰው ጋር አዛምደውት ነው።

«ስህተት ቢኖር ይግባኝ ያርመዋል» ማለትም ከፊል እውነት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ ሊሰማ ይችላል። አዲስ አበባ የሚያስችለው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ግን የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ምስክር ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም ብሎ ከሥር አይጀምርም። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ገዳይ ቢገኝስ? በገንዘብ ወይም በቤት ክርክር የተረታ ሰው ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ጉቦ ቢደርስበት፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 6 ዳግም ዳኝነት መጠየቅ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአዲስ ማስረጃ ፍርድን እንደገና ለማየት ተመሳሳይ መንገድ አላበጀም። ለንብረት የተከፈተ በር ለነፃነት ሳይከፈት መቅረቱ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው።

በመጨረሻ፣ በይቅርታ የወጣ ሰው «ነፃ ተባለ» ይባላል። ይቅርታ ቅጣትን ያስቀራል እንጂ የጥፋተኝነት ፍርዱን አይሽርም። የተቃዋሚ ፖለቲካ መሪ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በይቅርታ ተፈቱ፤ በ2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሰርዞ ያው ቅጣት ተመለሰባቸውና እስከ 2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ታስረው ቆዩ። በፍርድ ቤት ነፃ የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ሥጋት አይኖርበትም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 በስህተት የተቀጣ ሰው እንዲካስ ይደነግጋል፤ ለዚህም የመጨረሻው ፍርድ በአዲስ ፍሬ ነገር መሻሩን፣ ወይም ይቅርታው በዚያው ምክንያት መሰጠቱን ይጠይቃል።