ፍሬሽማን ተማሪ ምን ይመርጣል?

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲደርስ በየቤቱ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ በሶና ቆሎ ይዘጋጃል። ልጁ ግቢ ሲገባ ስለ ትምህርቱ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረው ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሲኒየሮችን ወሬ ይሰማል። «እከሌ ኤ ይሰጣል፣ እከሌ ይጥላል፣ ያ ኮርስ አይረባም» ይሉታል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኮርሱንም ሆነ መምህሩን አብዛኛውን ጊዜ አይመርጥም። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና ሒሳብን የመሳሰሉት ኮርሶች የጋራ ናቸው፤ መምህሩም የሚመደበው ለሴክሽኑ ነው። ለተማሪው የቀረለት ምርጫ ጊዜውን ለየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ፣ ማንን ቀርቦ እንደሚጠይቅና በኋላ የትኛውን ዲፓርትመንት እንደሚሞላ ነው። በዲፓርትመንት ምደባ ላይ ደግሞ የፍሬሽማን ውጤት ትልቅ ድርሻ አለው።

ልጆቼ፣ መጀመሪያ የየኮርሱን ክሬዲት እዩ። ባለ 2 ክሬዲቱ ላይ ኤ፣ ባለ 3ቱ ላይ ሲ ያመጣ ተማሪ የሁለቱ አማካይ 2.8 ነው። ውጤቱ ቢገለበጥ 3.2 ይሆናል። ልፋቱ ያው ሆኖ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

«አይረባም» የሚባለውንም ኮርስ አትናቁ። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዘዘ እንበል። ቱቦው ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ ነርሷ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ማስተካከል አለባት። ይህ ተራ ሒሳብ ነው፤ ሲሳሳት ግን የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

ስለ መምህር ስትጠይቁ «ኤ ይሰጣል ወይ?» አትበሉ። ኮርስ አውትላይኑን በጊዜ ይሰጣል? የፈተና ወረቀት መልሶ ስህተትን ያሳያል? በቢሮ ሰዓቱ ይገኛል? በሉ። እንዲህ ያለው መምህር ቢከብድም አትሽሹት። የእናንተ ሴክሽን መምህር እንዲህ ካልሆነ፣ ያንኑ ኮርስ ለሌላ ሴክሽን የሚያስተምረውን አስፈቅዳችሁ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሳይለፉ ኤ መሰብሰብን የለመደ ተማሪ ያን ቀን ይቸገራል፤ ልማዱ ደግሞ የሚጀምረው በፍሬሽማን ነው።

ለሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የመምህር ምክር የሚሰጠው በቢሮ፣ በሥራ ሰዓት ነው። ውጤትን ምክንያት አድርጎ ማታ ሌላ ቦታ የሚቀጥር ካለ አትሂጂ። መልእክቱን አታጥፊው፤ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ወይም ለግቢው የሥርዓተ ፆታ ክፍል አመልክቺ። ቤተሰብም ልጅቷ ስትናገር «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ አይጀምር። እንዲያ የተባለች ልጅ ሁለተኛ አትናገርም።

ወላጆች ሆይ፣ የዲፓርትመንቱን ፎርም ለልጃችሁ አትሙሉለት። ጤና የሚመኝ ልጅ ካለ ከመሙላቱ በፊት በጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉና ስለ አዳር ተረኛነት፣ ስለ ደምና ስለ ቁስል በግልጽ ያጫውተው። ኢንጂነሪንግ ወይም አካውንቲንግ ለሚያስብም እንዲሁ ሙያተኛ ፈልጉለት። ስልክ ስትደውሉም «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ያልገባህን ማንን ጠየቅህ?» በሉት።