የልጆች ትምህርትና የከተማ ወጪ

ከጣና ሐይቅ ወጥቶ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም የተባሉ ሦስት ከተሞች ይገኛሉ። ሦስቱ በድልድይ የተያያዙ በመሆናቸው ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ከተማ ይቆጠራሉ። ሱዳን ነፃነቷን በተቀዳጀችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ገደማ የሦስቱ ከተሞች ሕዝብ 250,000 ያህል ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ግን የካርቱም ክፍለ ሀገር ሕዝብ ከ5,000,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዕድገት ምክንያቱ በከተማው ውስጥ የሚወለዱት ልጆች መብዛት ብቻ አልነበረም። ከ1983 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ የተካሄደው ጦርነትና በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. የደረሰው ድርቅ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ወደ ካርቱም አሰድደዋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙ ሰዎችም ከተማዪቱን መኖሪያቸው አድርገዋት ነበር።

ታዲያ አንድ ከተማ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሲያድግ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ለከተማው ሸክም ናቸው ወይስ ጥቅም?

ሸክም ናቸው የሚሉት ሰዎች ነገሩን በሒሳብ ያስረዳሉ። ለብቻው የሚኖር አንድ ሠራተኛና አምስት ልጆች ያሉት አባወራ ጎን ለጎን ይኖራሉ እንበል። ቤታቸው ተመሳሳይ ከሆነ የሚከፍሉት የቤት ግብርም ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛው ግን ከከተማው የሚፈልገው መንገድ፣ ውሃና መብራት ሲሆን፣ አባወራው በዚህ ላይ መማሪያ ክፍል፣ መምህርና መጽሐፍ ይፈልጋል። አምስት አምስት ልጆች ያሏቸው ስምንት ቤተሰቦች ወደ አንድ ሠፈር ቢገቡ ልጆቻቸው 40 ይሆናሉ፤ ይህም በቁጥር አንድ ሙሉ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ የከተማው ሹም የዓመቱን ገቢና ወጪ ብቻ ከተመለከተ፣ ልጅ የሌለው ነዋሪ ትርፍ፣ ልጅ ያለው ነዋሪ ደግሞ ኪሣራ መስሎ ይታየዋል።

ይህ ሸክም በሱዳን በተግባር የታየ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ወጪ በአብዛኛው በአካባቢ ምክር ቤቶች ላይ ወደቀ። የምክር ቤቶቹ ገቢ አነስተኛ በሆነበት ሥፍራ ሁሉ የመምህራን ደመወዝ ይዘገይ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ብዙ ወላጆች ለጠመኔ፣ ለውሃና ለጥገና ገንዘብ ከማዋጣት አልዳኑም። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻም የሱዳን መምህራን ደመወዛቸው ከኑሮ ውድነት ጋር አልመጣጠን ስላለ ሥራ የማቆም አድማ አድርገዋል። እንግዲህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ የዓመቱ መዝገብ ሁሉን ነገር አይናገርም። በመጀመሪያ፣ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣው በሚኖርበት ሠፈር ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ደብተርና ጫማ ይገዛል፤ የትምህርት ቤት ልብስ ያሰፋል፤ ለአውቶቡስ ይከፍላል። ከዚህ የተነሣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊውና ባለሱቁ ይኖራሉ፤ እነርሱም በተራቸው ለከተማው ግብር ይከፍላሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ በቀላሉ ሠፈሩን አይለቅም። ልጁ የሚሄድበት መንገድ ጨለማ እንዳይሆን፣ የሚጠጣው ውሃ እንዳይበከል ያስባል፤ ከጎረቤቶቹም ጋር ይመክራል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የዛሬው ተማሪ የነገው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴና ግብር ከፋይ ይሆናል።

የካርቱም ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በ1902 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሲጀመር ዋና ዓላማው ለቅኝ ገዥው አስተዳደር ጸሐፊዎችንና አነስተኛ ሹማምንትን ማሠልጠን ነበር። ከዚያ ተቋም ግን በ1956 እ.ኤ.አ. የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ነፃ የወጣችውን አገር ካስተዳደሩት፣ በሆስፒታሎቿ ከሠሩትና ፍርድ ቤቶቿን ከመሩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የዚያ ተቋም ልጆች ናቸው። በ1902 እ.ኤ.አ. ወጪውን ያሰላ ሰው ይህን ሁሉ በዚያው ዓመት መዝገብ ላይ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ሕዝቡም ራሱ ለትምህርት መክፈል ተገቢ መሆኑን በተግባር አሳይቷል። ሼኽ ባቢክር በድሪ በወጣትነታቸው በማኅዲ ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1907 እ.ኤ.አ. ከካርቱም በስተደቡብ በጥቁር ዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ባለሥልጣኖቹ ለነገሩ ስላመነቱ፣ ሼኹ የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ሴቶች ልጆች ሰብስበው በገዛ ቤታቸው ማስተማር ጀመሩ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ መሠረቱ፤ ይኸውም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1938 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሩቃን ጉባኤም ሕዝቡ ገንዘብ እያዋጣ «አህልያ»፣ ማለትም የሕዝብ፣ የተባሉትን ትምህርት ቤቶች እንዲያሠራ ቀስቅሷል። ገንዘብ ካዋጡት መካከል ለትምህርት የደረሰ ልጅ ያልነበራቸው ነጋዴዎችም እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ማንም ሳያስገድዳቸው ሰዎች ይህን ያህል ከከፈሉ፣ ትምህርት ቤት የሁሉም ሀብት መሆኑን ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ሆኖም አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ የሱዳን ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደዋል። ታዲያ ካርቱም ያስተማረቻቸው ልጆች ሌላውን አገር የሚጠቅሙ ከሆነ ከተማዪቱ ምን አተረፈች? እርግጥ ነው፣ ከሄዱት ብዙዎቹ ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ሲልኩ ኖረዋል፤ በዚያም ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፤ ታናናሾች ተምረዋል። ቢሆንም ወጪው በአንድ ሥፍራ፣ ጥቅሙ በሌላ ሥፍራ የሚውልበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ከዚህ የምንረዳው ሸክሙ በአንድ ሠፈር ወይም በአንድ ምክር ቤት ላይ ብቻ ሊወድቅ እንደማይገባ ነው። ጥቅሙ የአገር ከሆነ ወጪውንም አገር ሊካፈለው ይገባል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ጥያቄ ውስጥ አልፈዋል። በጃፓን በ1872 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ደንብ የትምህርት ቤቶችን ወጪ በአብዛኛው በየአካባቢው ሕዝብ ላይ ጣለ። በዚህ የተቆጡ ገበሬዎች በአንዳንድ ሥፍራ ትምህርት ቤቶችን እስከ ማቃጠል ደረሱ። በ1900 እ.ኤ.አ. ግን መንግሥት የግዴታ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን በማድረጉ የተማሪው ቁጥር እጅግ ከፍ አለ። በኢትዮጵያም በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር የሚጥል ዐዋጅ ወጥቶ ነበር። ግብሩ የተመሠረተው በልጅ ቁጥር ሳይሆን በመሬት ላይ ስለነበረ፣ ልጅ ያለውም የሌለውም ባለመሬት ይከፍለው ነበር።

ለካርቱም ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገዚራ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ከጥቂት ወራት በኋላም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በመላው ሱዳን 19,000,000 ያህል ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታወቀ።

ልጆችን እንደ ሸክም ብቻ የሚቆጥረው ሒሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወጪ ሲቀር ከተማዪቱ መጠቀም ነበረባት። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እርግጥ ገበያውን ያፈረሰው፣ ፋብሪካውን ያቃጠለው ጦርነቱ ነው። ይሁን እንጂ ተኩሱ በራቀበት ሠፈር እንኳ ገዢ ስላልነበረ ሱቅ መክፈት አስቸጋሪ ሆነ። ጦር ሠራዊቱ በ2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ። ለብቻው የሚኖር ሰው በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥም ቢሆን ተጠልሎ ሊሠራ ይችላል። ልጆች ያሉት ወላጅ ግን ከመመለሱ በፊት ውሃ መኖሩን፣ ሐኪም መገኘቱን፣ ትምህርት ቤት መከፈቱን ይጠይቃል። ትምህርት ቤት በሌለበት አባት ብቻውን ቢመለስ እናትና ልጆች በስደት ይቀራሉ፤ ቤቱም ግማሽ ቤት፣ ሠፈሩም ግማሽ ሠፈር ይሆናል። እንግዲህ ከተማዪቱን መልሶ በማቋቋም ሥራ ውስጥ ትምህርት ቤት ከድልድይና ከገበያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሊሆን አይገባውም።

አበው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። አባባሉ የድኻ ወላጅን ልብ ያጽናናል። ከተማ ግን ሥራውን በዕድል ላይ ሊመሠርት አይችልም። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ለከተማ ጥቅም የሚሆኑት ትምህርት ቤት ሲኖር፣ ወጪው በአግባቡ ሲከፋፈልና የተማረው ወጣት ሥራ ሲያገኝ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ልጁም ከተማውም ይጎዳሉ። ከተሟሉ ግን ዛሬ ለአንድ ክፍል ማሠሪያ የወጣው ገንዘብ ከብዙ ዓመት በኋላ በሐኪሙ፣ በመምህሩና በነጋዴው እጅ ወደ ከተማው ይመለሳል።