የአውራ ጣት ስውር ረዳት

በኮንሶል የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ሲተኩስ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ተጋጣሚው ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ብሎ ወደ ጎን ይሮጣል፤ መሃል ስክሪን ላይ ያለችው የዒላማ ምልክት አብራው ትሄዳለች፤ ሦስት አራት ጥይት፣ አለቀ። ዙሪያውን የተቀመጡት «ወይ ጣት!» ይላሉ። አድናቆቱ አግባብ ነው፤ ምስጋናው ግን የጣቱ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሰከንድ ባነሰችው በዚያች ጊዜ ውስጥ ጌሙ ራሱ ጣልቃ ገብቷል። ምልክቷ ተጋጣሚው ላይ ስትደርስ አዘግይቷታል፣ ሲሮጥ ወደ እሱ ጎትቷታል፣ ለጥቂት የምትስተውን ጥይትም አቅንቷታል። ተጫዋቾች ኤይም አሲስት የሚሉት ይህን የማነጣጠር እገዛ ነው። ለኮንሶል በሚሠሩ የተኩስ ጌሞች ሁሉ ማለት ይቻላል አለ። ብዙው ተጫዋች መኖሩን እንኳ አያስተውልም፤ ያስተዋለው ደግሞ ወይ ጠበቃው ወይ ከሳሹ ይሆናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጆይስቲኩ ነው። የኮምፒውተር ተጫዋች የሚይዘው ማውስ ነው፤ ማውስ የሚያዘው ደግሞ ርቀትን ነው። እጅ አንድ ስንዝር ሲሄድ እይታው በዚያው ልክ ይዞራል፣ እጅ ሲቆምም ይቆማል። ክንድ፣ አንጓና ጣቶች ሥራውን ይከፋፈሉታል። የጆይስቲክ አናሎግ (በአውራ ጣት የምትገፋው ዘንግ) ግን የሚያዘው ፍጥነትን ነው። በጥቂቱ ሲገፋ እይታው በዝግታ ይዞራል፣ እስከ ጠርዙ ሲገፋ ይከንፋል፣ አውራ ጣት እስኪለቀው ድረስም መዞሩን አያቆምም። ስለዚህ ተጫዋቹ ዒላማው የት እንዳለ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ አናሎጉን በትክክለኛዋ ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ዘግይቶ ከለቀቀ ያልፈዋል፤ ለመመለስ ሲሞክር በወዲያኛው በኩል ያልፈዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ አውራ ጣት፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በምትሄድ ዘንግ ላይ ነው። በዚያ ላይ መሃሏ አካባቢ ያለውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ጌሙ ሆን ብሎ ችላ ይለዋል፤ ያለዚያ ያረጀ ጆይስቲክ ማንም ሳይነካው እይታውን ያንሸራትት ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ፊትስ በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለማረፍ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት እንደሚወሰን በቀመር አስቀምጧል። ዒላማው ሲርቅም፣ ሲጠብም ጊዜው ይረዝማል። ጌም ሠሪ ርቀቱን ማሳጠር አይችልም፤ ተጋጣሚውን በርሜል የሚያህል አድርጎ መሣልም ጌሙን መሳቂያ ያደርገዋል። የቀረው አማራጭ ተጋጣሚውን ዓይን ሳያይ ማወፈር ነው። ኤይም አሲስት በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሀሳቡ ዛሬ ጆይስቲክ ላይ ካሉት ሁለት አናሎጎች ይቀድማል። በ1993 የወጣው ዱም ወደ ላይና ወደ ታች ማየት አይፈቅድም ነበር። ተጫዋቹ በግራና ቀኝ አቅጣጫውን ካስተካከለ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወደቆመው ጭራቅ ጥይቱን የሚያወጣለት ጌሙ ነው። በ1997 በኒንቴንዶ 64 የወጣው ጎልደንአይ 007 ደግሞ አንድ አናሎግ ብቻ ባለው ጆይስቲክ ስለሚሠራ፣ የጄምስ ቦንድ ሽጉጥ በራሱ ወደ ጠላት ዘወር ሲል በግልጽ ይታያል። በግራው አናሎግ መሄድ፣ በቀኙ ማየት የሚለው ዛሬ ሁሉም የለመደው አያያዝ በ2000 ኤሊየን ሬዘሬክሽን በተባለው የፕሌይስቴሽን ጌም ላይ ሲመጣ አንድ የታወቀ የጌም ድረ ገጽ ሃያሲ እንደ ትልቅ ጉድለት ቆጥሮበት ነበር። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ያስቃል። ነገር ግን ሁለት አናሎግ ብቻውን፣ ያለ ረዳት፣ በእርግጥም አስቸጋሪ ነው።

መላውን ያገኙለት ባንጂ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። በኖቬምበር 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር አብሮ የወጣው ጌማቸው ሄሎ፣ የተኩስ ጌም የኮምፒውተር ነው የሚለውን እምነት የሻረው በታሪኩ ወይም በሥዕሉ ውበት ብቻ አልነበረም፤ በእጅ ውስጥ በሚሰጠው ስሜት ጭምር ነው። የጌሙን ፋይሎች ከፍተው ያዩ ሰዎች ያገኙት ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተጻፉ ቁጥሮች ነው፤ ምልክቷ የምትሳብበት አንግል፣ መሳቡ የሚሠራበት ርቀት፣ ጥይቱ የሚታጠፍበት አንግል፣ የዚያም ርቀት። አንዱ ጠመንጃ ቅርብ ላይ ይቅር ባይ ነው፣ ሌላው ሩቅ ላይ። ተጫዋቹ «ይሄ መሣሪያ ይመቸኛል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ እነዚህ ቁጥሮች ነው፣ ሳያውቀው። ምልክቷ ተጋጣሚው ላይ ስታርፍ መቅላቷም ጌሙ እገዛውን የሚያሳብቅባት ብቸኛዋ ቦታ ነበረች ማለት ይቻላል።

እገዛው በሦስት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ማዘግየት ነው፤ ምልክቷ ተጋጣሚው ላይ ስታልፍ የእይታው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ስለዚህ አውራ ጣት አናሎጉን የሚለቅበት ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛው ጥይት ማቅናት ነው፤ ምልክቷ ለጥቂት ብትስትም ጥይቱ ገላ ያገኛል። ይህኛውን በዓይን ማየት ስለማይቻል የሚከራከርበት የለም። ዴስቲኒ 2 በተባለው ጌም ውስጥ እንዲያውም ማውስ የያዘውም ተጫዋች የዚህ እገዛ ተካፋይ ነው፤ በጆይስቲክ ተጫዋቾች ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ የሚያመሹ አንዳንድ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሦስተኛው ጉተታ ነው፤ ተጋጣሚው ሲንቀሳቀስ፣ ወይም ተጫዋቹ ራሱ ወደ ጎን ሲራመድ፣ ጌሙ እይታውን በራሱ ያዞራል። በአብዛኛው የሚሠራው ተጫዋቹ ከአናሎጎቹ አንዱን ሲነካ ብቻ ነው። ጣቱን ያነሳ ሰው እገዛ አያገኝም፣ ስለዚህም «እኔ ነኝ ያነጣጠርኩት» የሚለው ስሜቱ አይጎዳም። በኮል ኦፍ ዱቲ የዞምቢ ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁሉም ያፈጠጠ ነው፤ መሣሪያውን ወደ ዓይን ባነሱ ቁጥር ምልክቷ ዘላ ዞምቢው ላይ ታርፋለች። ዞምቢ ስለማይከስ ማንም አልተቃወመም።

በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ፊፋ ሲጫወት ያደገ ሰው የዚህን ነገር ዘመድ በደንብ ያውቀዋል። ፓስ ሲሰጥ አቅጣጫውን በግርድፉ ያሳያል፤ ኳሷ ግን ለማን፣ በምን ያህል ኃይል እንደምትሄድ የሚጨርሰው ጌሙ ነው። ቅንብሩን ወደ ማንዋል የቀየረ ሰው ኳሷ በየሜዳው ስትባክንበት ያያል። እገዛውን የሚጠቀም ሁሉ አጭበርባሪ ነው ያለ ግን አልሰማሁም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ተጋጣሚዎች አንድ ዓይነት ጆይስቲክ፣ አንድ ዓይነት እገዛ ይዘው ነው የሚቀመጡት።

በኮንሶል የተኩስ ጌም ውስጥም ለረጅም ጊዜ ሰላም የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። የእገዛው ስውርነትም ለሰላሙ ሳይረዳ አልቀረም። በካናዳ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባቀረቡት ጥናት አምስት ዓይነት እገዛዎችን በተኩስ ጌም ውስጥ ፈትነዋል። እንደ ተኩስ መለማመጃ ባለ ባዶ ቦታ ላይ እገዛዎቹ ጥሩ ሠሩ፤ እውነተኛ ጌም የሚመስል ካርታ ውስጥ ሲገቡ ግን ጉልበታቸው ቀነሰ። በብዙ ሁኔታ ጸንተው የተገኙት ሁለት ናቸው፤ ጥይት ማቅናትና የምልክቷን ስፋት ሳያሳዩ ማሳደግ። ከቀሩት ውስጥ ውጤታማ የነበሩት በጣም ይታወቁ ነበር። ጌም ሠሪዎችን የሚያስጨንቃቸው ይኸው የመታወቅ ጉዳይ ነው። እገዛው ሲታወቅ ያሸነፈው ደስታውን ያጣል፣ የተሸነፈውም ምክንያት ያገኛል።

ጠቡ የመጣው ኮንሶልና ኮምፒውተር አንድ አዳራሽ ሲገቡ ነው። በ2007 ማይክሮሶፍት ሻዶውረን በተባለ ጌም ኤክስቦክስ 360ንና ዊንዶውስን አገናኝቶ ሞክሮት ነበር፤ ያኔ ብዙም አልተስፋፋም። እንደ ፎርትናይት ያሉ ጌሞች ሁለቱን ካገናኙ በኋላ ግን የጆይስቲኩና የማውሱ ሰው በየቀኑ ፊት ለፊት ይገናኙ ጀመር። ማውስ የያዘው ሲሞት «ያነጣጠረልህ ጌሙ ነው» ይላል፤ ጆይስቲክ የያዘው ሲሞት «አንተ በሙሉ ክንድህ፣ እኔ በአንድ ጣቴ» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ሩቅ ላይ ማውስ ይበልጣል፤ ቅርብ ላይ፣ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እየተዟዟሩ በሚተኮሱበት ጊዜ፣ ጆይስቲክ ይበልጣል።

ለምን ቅርብ ላይ? መልሱ ያለው ጉተታው ውስጥ ነው። የሰው ዓይን አንድ ለውጥ አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል። ተጋጣሚው በድንገት ከግራ ወደ ቀኝ ሲገለበጥ የማውሱ ሰው ይህን ያህል ይዘገያል፤ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ከዚህ ብዙ አያመልጥም። ጌሙ ግን ተጋጣሚው መገልበጡን ለማየት ዓይን አያስፈልገውም፤ የሰውየውን ቦታ የሚያሰላው ራሱ ነው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም ውስጥ በሚቀጥለው ምስል ላይ፣ 17 ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ፣ እይታውን ማዞር ይጀምራል። እዚህ ጋ እገዛው ጣትን መርዳት አልፎ ዓይንን ተክቷል።

የኤፔክስ ሌጀንድስ ሠሪ ሪስፖውን ይህን ክርክር በቁጥር ይዞት ኖሯል። ለኮንሶል ተጫዋቾች የእገዛው መጠን 0.6፣ በኮምፒውተር ላይ ጆይስቲክ ለሚጠቀሙ ደግሞ 0.4 ነበር። ያም ሆኖ ኢምፔሪያልሃል በሚል ስሙ የሚታወቀው የጌሙ ሻምፒዮን ሳይቀር ማውሱን አስቀምጦ ጆይስቲክ አነሳ፤ በ2024 ሪስፖውን ከኮምፒውተር ተጫዋቾች ጋር ለሚደረገው ውድድር መጠኑን ቀነሰው። ፎርትናይትም በ2020 የማነጣጠሪያ ቁልፏን እየደጋገሙ በመጫን ምልክቷን ተጋጣሚው ላይ ማስዘለል ያስችል የነበረውን አሮጌ አሠራር አንስቷል። የኮል ኦፍ ዱቲ ሙያተኛ ሊግ በ2021 ወደ ኮምፒውተር ሲዛወርም ሙያተኞቹ የያዙት ጆይስቲክ ነበር።

ማጭበርበሩም የተወለደው ከዚሁ ነው። ዚምና ክሮነስ ዜን የሚባሉ ትንንሽ ሣጥኖች በማውስና በኮንሶሉ መሃል ይገቡና ኮንሶሉን «የተሰካው ጆይስቲክ ነው» ብለው ይዋሹታል። የያዛቸው ሰው የማውሱን ፍጥነትና የጆይስቲኩን እገዛ በአንድ ላይ ይወስዳል። የሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ባለቤት ዩቢሶፍት በ2023 ለዚህ ያወጣው ቅጣት ብልህ ነበር፤ ሣጥን የሰካውን ከማባረር ይልቅ ትእዛዙ ወደ ጌሙ የሚደርስበትን ጊዜ እያዘገየ እያዘገየ ይሄድ ነበር። ሰውየው ሣጥኑን እስኪነቅል ድረስ መሣሪያው አልታዘዝ ይለው ነበር።

ያው ሲጅ ሌላም ነገር ያሳያል። ሰው ከሰው ጋር በሚገጥምበት ክፍሉ ውስጥ በኮንሶልም ቢሆን ኤይም አሲስት የለም፤ ጌሙንም ከዓመት ዓመት ይጫወቱታል። ግን ሲጅ በእርጋታ አድፍጦ መጠበቅን፣ አንግል ይዞ መቆምን የሚሸልም ጌም ነው። እንደ ሄሎ እየዘለሉ የሚተኮሱበት ጌም ቢሆን ያ ውሳኔ ባላዋጣው ነበር። ኒንቴንዶ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በስፕላቱን ሌላ መንገድ መርጧል፤ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ራሱን በእጁ ዘንበል ቀና እያደረገ ያነጣጥራል። አውራ ጣት ትልቁን ዙር ይሠራል፣ አንጓ ደግሞ ጥቃቅኑን ያርማል። የዛሬ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲኮች ውስጥም ይህን የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ የሚጠቀሙበት ጌሞች ግን ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ማዘግየትና ጥይት ማቅናት የጆይስቲኩ አካል ናቸው፤ እነሱን ማንሳት ሚሊዮኖችን ከጌሙ ማባረር ነው፤ እጁ የማይታዘዝለት አካል ጉዳተኛ ተጫዋች ደግሞ ከዚያም በላይ ሊሰጠው ይገባል። ጉተታው ግን ኮንሶልና ኮምፒውተር በሚቀላቀሉበት አዳራሽ ውስጥ የሰው ዓይን የሚዘገየውን ያህል መዘግየት አለበት። ይህን ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። ቁጥሩንም ኩባንያዎቹ ሰው ፋይል እስኪበረብር ሳይጠብቁ በግልጽ ያውጡት።

የሚጫወቱት ጌም የትኛው ዓይነት እገዛ እንዳለው ማወቅ ከፈለጉ የልምምድ ቦታው ውስጥ ይግቡና ከአሻንጉሊቱ ፊት ይቁሙ። ምልክቷን ደረቱ ላይ ያድርጉ፣ ቀኝ አውራ ጣትዎን ያንሱ፣ በግራው ብቻ ወደ ጎን ይራመዱ። እይታው በራሱ እየዞረ አሻንጉሊቱን ከያዘ ጉተታ አለው። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ኤይም አሲስትን ያጥፉና ያንኑ ይድገሙት፤ ልዩነቱን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅብዎትም።