በኤሌክትሪክ የተጎዱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሕግ መብት በኢትዮጵያ

በሥራ ላይ ሳሉ በኤሌክትሪክ አደጋ የሚጎዱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዋና የመብት መንገዶች አሏቸው። አንደኛው ከአሠሪው መሥሪያ ቤት የሚገኘው የሕክምና፣ የደመወዝና የጡረታ ጥቅም ነው። ሁለተኛው አደጋውን ከፈጠረው ሌላ ወገን፣ ለምሳሌ ከመስመሩ ወይም ከሕንፃው ባለቤት፣ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ካሳ ነው። ሁለቱ በመነሻቸውም በጊዜ ገደባቸውም ይለያያሉ። ስለዚህ በአንደኛው መጠቀም ሁለተኛውን በራሱ አያስጀምርም።

አደጋው የሚደርስባቸው መንገዶች

ተበጥሶ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ኃይሉ ካልተቋረጠ በዙሪያው ያለውን መሬት ጭምር አደገኛ ያደርገዋል። ከሽቦው በራቁ መጠን ቮልቴጁ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሁለት እግሮች በተለያየ ርቀት ላይ ሲያርፉ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ኮረንቲ በሰውነት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሽቦውን ያልነካ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ውኃ መርጨት፣ የብረት መሰላል ማቆምና ቆጣሪው ከጠፋ በኋላ በጄኔሬተር ኃይል ወደሚያገኝ ሕንፃ መግባትም ሌሎች የአደጋ ምክንያቶች ናቸው።

ከአሠሪው የሚገኝ ጥቅም

የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የሚወሰነው በቅጥሩ ዓይነት ነው። በከተማ አስተዳደር ሥር የሚሠሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናቸው ጉዳያቸው በመንግሥት ሠራተኞችና በጡረታ ሕጎች ይታያል። በሥራ ምክንያት የተጎዳ የመንግሥት ሠራተኛ የሕክምና ወጪው ይሸፈንለታል፤ ደመወዙ ሳይቋረጥም የጉዳት ፈቃድ ያገኛል። ዘላቂ የአካል ጉዳት መኖሩና መጠኑ በሕክምና ቦርድ ይረጋገጣል።

በፋብሪካና በመሳሰሉ ድርጅቶች የተቀጠሩት ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራሉ። በዚህ አዋጅ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ጊዜያዊ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ አሠሪው ኃላፊ አይሆንም።

ከሌላ ወገን የሚጠየቅ ካሳ

ለኤሌክትሪክ አደጋ በቀጥታ የሚጠቀሰው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 ነው። አንቀጹ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ ወገን፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ኃላፊው ጥፋት አለመፈጸሙን ወይም የጉዳቱ ምክንያት አለመታወቁን በማስረዳት ነፃ ሊወጣ አይችልም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ግን ኃላፊነቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል ወይም ይቀራል።

ጉዳቱ የደረሰው ከሕንፃው ከሆነ በአንቀጽ 2077 የሕንፃው ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል። በግዴለሽነት መስመር ቀጥሎ ሌላውን የጎዳ ሰው ደግሞ በጥፋት ላይ በተመሠረተው በአንቀጽ 2028 ይጠየቃል። ሠራተኛው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ቁሳዊ ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።

የካሳ መጠንና ይርጋ

ካሳው በመሠረቱ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የሕክምና ወጪንና የታጣ ገቢንም ያካትታል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የክሱ ዋና ክብደት የሚያርፈው ደረሰኝ፣ የሕክምና ማስረጃና የገቢ ማስረጃ በሚቀርብበት ቁሳዊ ጉዳት ላይ ነው።

ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ጉዳት በቆዳ ላይ ትንሽ ምልክት ብቻ ትቶ ውስጣዊ አካልን ሊጎዳ ይችላል፤ የነርቭና የዓይን ችግሮችም ከወራት በኋላ ሊታዩ ይችላሉ። ቀላል መስሎ የታለፈ ጉዳት ሲከፋ የመክሰሻው ጊዜ ሊያልቅ ስለሚችል፣ በዕለቱ የሚያዝ የሕክምና መዝገብና የአደጋ ሪፖርት ትልቅ ቦታ አላቸው። የተበጠሰ መስመር ወዲያው ስለሚጠገን የቦታው ፎቶግራፍና የምስክሮች ስምም አብረው መያዝ አለባቸው።

ከአሜሪካ ሕግ ጋር ያለው ልዩነት

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች «የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደንብ» የሚባል መርህ አለ። በዚህ መርህ መሠረት ሠራተኛው እሳቱ እንዲነሳ ምክንያት የሆነውን ቸልተኛ ሰው መክሰስ አይችልም፤ አደጋው የሥራው አካል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። መርሁ የመነጨው የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 እ.ኤ.አ. ከሰጠው ፍርድ ሲሆን፣ እንደ ኦሪገን ያሉ ግዛቶች በኋላ ትተውታል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የእሳት አደጋ ሠራተኛን ለይቶ ከመክሰስ የሚያግድ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም።