ጫፉ ወደ ላይ የሚያይ መንጠቆ

ከባሃማስ ደሴቶች ትልቋ አንድሮስ ናት። በዙሪያዋ ባሕሩ ለረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፤ አንዳንድ ቦታ ከጉልበት አያልፍም። ቦንፊሽ የሚባለው ብርማ ዓሣ ምግቡን የሚለቅመው እዚህ ነው። አፍንጫውን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ ሽሪምፕና ትንንሽ ሸርጣን ሲፈልግ ጅራቱ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። አጥማጁ የሚወረውርለት በክር፣ በጠጉርና በላባ የተሠራ ማታለያ «ፍላይ» ይባላል፤ ዝንብ ማለት ነው። ስሙ ከወንዝ ዓሣ ማጥመድ የመጣ ነው፤ በባሕር ግን የሚመስለው ሽሪምፕን ወይም ትንሽ ዓሣን ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቦብ ናውሃይም በአንድሮስ የሠራው «ክሬዚ ቻርሊ» ከእነዚህ ዝንቦች ሁሉ ስመ ጥር ነው። ስሙን የወረሰው መንገድ ይመራው ከነበረው ከቻርሊ ስሚዝ ነው። ይህን አንድ ዝንብ ያወቀ የዕቃ አመራረጥን ያውቃል።

መጀመሪያ የሚመረጠው መንጠቆው ነው። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል፤ ለቦንፊሽ የሚበቃው ከ4 እስከ 8 ያለው ነው። ከቁጥር 1 በላይ ያሉት ትልልቆች 1/0፣ 2/0 እየተባሉ ይቆጠራሉ፤ አፉ እንደ አጥንት ለሚጠነክረው፣ ታርፖን ለሚባለው ዓሣ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ጨው ብረት ስለሚበላ የማይዝግ ብረት ይመረጣል። ያም ሆኖ ከባሕር የወጣውን ዝንብ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ማድረቅ ግድ ነው፤ እርጥቡ ወደ ሳጥኑ ከተመለሰ ጎረቤቶቹንም ያዝጋል።

ቀጥሎ የዝንቡ ዓይን ይታሰራል። ለቁልፍ መያዣ ከምናውቀው የኳስ ሰንሰለት ሁለት ኳሶች ተቆርጠው በመንጠቆው ግንድ ላይ፣ ከሹል ጫፉ በተቃራኒው ወገን ይታሰራሉ። ክብደቱ ወደዚያ ሲያደላ ዝንቡ ውሃ ውስጥ ይገለበጥና ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አሸዋ ላይ ሲጎተት ሣርና ድንጋይ አይዘውም። ጥልቅ ለሆነ ውሃ ከባድ የብረት ዓይን ይታሰራል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ግን ከባዱ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ዓሣውን ያባርረዋል።

ገላው ብርማ ጥብጣብ ነው፤ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የናይለን ክር ይጠመጠማል። ክንፉ የጥጃ ጭራ ጠጉር ነው፤ በሹሉ ጫፍ ወገን ስለሚታሰር ጫፉን ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ ስስት ይጠቅማል፤ ጠጉሩ ከበዛ ዝንቡ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ቀለሙን የሚወስነው የባሕሩ ወለል ነው፦ ለነጭ አሸዋ ነጭ ወይም ገረጣ ያለ፣ ለሣራም ወለል ጠቆር ያለ።

ሠሪው ሲጨርስ ሥራውን በሳህን ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ካልተገለበጠ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክሩን ፈትቶ እንደገና ከዓይኑ ይጀምራል።